የጣሰው ተራ

«እኮ ምን ብዬ ላስለቅስለት?» አለች አስለቃሿ ጌጤ፣ የባቄላ ንፍሮ እየቆረጠመች።

ሐረገ ወይን ከሰሌኑ ተነሣች፤ የዳሱን ቋሚ እንጨት ነካ አድርጋ ተመልሳ ተቀመጠች። ባሏን ጣሰውን ከቀበረች አራተኛ ቀኗ ነው። ጠጉሯ ተላጭቷል፣ ጉንጯ ተነጭቶ ቆስሏል፣ ከል ለብሳለች፤ የሐዘን ደንብ የተባለ ሁሉ ተሟልቶላታል። ያቃታት አርፎ መቀመጥ ብቻ ነው።

«ጦር ሜዳ ውሏል?»

«አልዋለም።»

«ፈረስስ?»

«በእግሩ ነው የሚሄድ።»

«ጠላት በገባ ጊዜሳ? ያኔ ያልተኮሰ ወንድ አለ?»

«ያኔ ዓይነ ስውር አባቱን አዝሎ ዋሻ ለዋሻ ሲዞር ነው የከረመው።»

ጌጤ ንፍሮዋን ዋጠች። «እሱስ ደግ ነው። ግን ሜዳ አያስጮህም።»

ጌጤ ክፉ ሴት ሆና አይደለም፤ ሥራዋ ነው። ሸማኔ ያለ ድር አይሸምንም፣ አስለቃሽም የሟቹን ሙያ ሳትሰማ አፏ አይከፈትም። እሑድ ሰባተኛው ቀን ነው። የጣሰው ዘመዶች ከስማዳ ሁለት ቀን ተጉዘው ይመጡና ትልቁ ለቅሶ ሜዳ ላይ ይለቀሳል። በዚያ ለቅሶ የሟች ጠመንጃ አፈሙዙ ተዘቅዝቆ ይያዛል፤ አስለቃሿም እሱን እያየች ትገጥማለች። ጠመንጃ የሌለው ሟች ለዘመዱ ውርደት ነው። ጣሰው ደግሞ የተወው አንድ ዱላ ነው።

«እሱን ለኔ ተዉት» አለ ደምሌ፣ የጣሰው ታናሽ ወንድም። መርዶውን ሰምቶ ከዘመዶቹ ሁሉ ቀድሞ የደረሰ እሱ ነው። «የጎረቤትሽን የጓዴን ምንሽር ተውሻለሁ።»

«ያን ሰደፉ የተሰነጠቀውን?» አለች ሐረገ ወይን። «እሱ ጠመንጃ እኮ ዘንድሮ ብቻ አራት ለቅሶ ላይ ቆሟል። የንፋስ መውጫ ከተማ ሰው ከጓዴ ይልቅ ጠመንጃውን ነው የሚያውቀው። ሲያዩት ‹እንደምን ሰነበትክ› ሳይሉት አይቀሩም።»

ከዳሱ ጥግ አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

«የስማዳ ሰው አያውቀውም» አለ ደምሌ። «እትዬ፣ አንቺ ይሄን ነገር አታውቂውም። ያ ባዩ የሚሉት ሰውዬ የአባታችንን ርስት የኔ ነው ያለ ጊዜ ጣሰው የአባታችንን ውጅግራ ጠመንጃ ይዞ ነበር ወደዚህ የመጣው። ‹ዳኛው ባይፈርድልኝ በዚህ እፈርዳለሁ› ብሎ። ይኸው ሀያ ዓመት ሞላው። በየዓመቱ ‹ቀጠሮ ላይ ነን፣ ጠመንጃ እንዳታነሡ› እያለ ይልክብናል። ርስቱ ጦሙን ያድራል፤ የባዩም ወገን አላረሰው፣ የኛም ወገን አላረሰው። አገሬው ‹ወንድምህ ጠላ ቤት ተቀምጦ ርስቱን ረሳ› ሲለኝ እኔ ነኝ የምሰማው። እንግዲህ ሞቷል፤ ቀጠሮውም አብሮት ሞቷል። እሑድ እንደ ወንድ ይለቀስ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኛ እናውቃለን።»

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሐረገ ወይን ሰማችው።

ጌጤ ግን ፊቷ በራ። «ምንሽር ካለማ ምን ችግር አለ፤ ‹አንበሳ ገዳዩ› ብዬ እጀምራለሁ።»

«አንበሳውን ከየት አምጥቶ? ጅብ በጓሮ ሲያልፍ እንኳ ‹ሐረግ፣ ተነሽ› እያለ የሚቀሰቅስ እኔን ነበር።»

ይህን ብላ ተነሣች፤ ተመልሳም አልተቀመጠች።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ እሷም ባሏን አሞግሺ ብትባል የምትለው አልነበራትም። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልጫ ስትሰድበው ነው የኖረችው። ጣሰው ጧት ጧት ገብሱን ያርሳል፣ ያርማል፤ በእርሻ የሚታማ ሰው አልነበረም። ፀሐይ ዘንበል ስትል ግን እግሩን ታጥቦ ዱላውን ያነሣል።

«ወዴት ነው?»

«ከተማዋን ላያት።»

«ትናንት ካየሃት ወዲህ ቀንድ አበቀለች?»

«እሱንም ነው የማየው» ይልና ይወጣል። አመሻሹ ላይ ጌሾ ጌሾ እየሸተተ፣ ከአፉ የማይለይ ዜማ እያንጎራጎረ ይመለሳል። አንድ ቀን ልምጣ አላለችውም። እሱም አንድ ቀን ነይ አላላትም። የሚያንገበግባት ይሄ ነው፤ ከሰሌኑ ላይ እንደ እሾህ የሚያስነሣት ይሄ ነው። እሑድ ከመድረሱ በፊት ሰውየው የት ይውል እንደነበር ካላወቀች የጓዴን ምንሽር እያየች ልታለቅስ ነው።

«ጀርባዬን ላቃና» አለቻቸው። ሐዘንተኛ ሰባት ቀን ሳይሞላው ደጅ አይወጣም። ሐረገ ወይን በጓሮ አጥር ሾልካ ወጣች።

መጀመሪያ የደረሰችው ሙሉነሽ ጠላ ቤት ነው። ሙሉነሽ ጋን ስታጥብ ከነእርጥብ እጇ ደንግጣ ቆመች።

«ምነው እታለም፣ በከልሽ ጠላ ቤት?»

«ስሚኝ፣ ጠላ አላማረኝም። የት ነበር የሚቀመጥ?»

ሙሉነሽ ከበሩ ጎን ያለውን መደብ በአገጯ አሳየቻት። ጀርባው ያረፈበት ግድግዳ ተወልውሎ እንደ ቀንድ ያብረቀርቃል።

«አንድ ዋንጫ ነው። ሁለተኛ ቀድቼለት አላውቅም። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው የሚውል። ‹ይሄኛው የእስቴ ነው፣ ያ ደግሞ የስማዳ፣ በአረማመዱ አወቅኩት› ይላል። ባለጉዳይ ግራ ገብቶት ሲያይ ተነሥቶ ይከተለዋል። የት እንደሚያድር ያሳየዋል። የትኛው ማመልከቻ ጸሐፊ እንደሚዋሽ ይነግረዋል።»

«ለኔ ይሄን ነግሮኝ አያውቅም።»

«ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

ሐረገ ወይን የተወለወለውን ግድግዳ በእጇ ዳሰሰች። «ከዚህስ?» አለች ብቻ።

«ከዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጥድ። ከአጥር ውጭ ቆሞ የተማሪዎቹን ዜማ ይሰማል። ከዚያ ወደ አለቱ፣ ወደ አባ ጠጠር።»

ጥዱ ሥር ስትደርስ ተማሪዎቹ አንዱን ዜማ እያጠኑ ደጋግመው ይቀጽላሉ። አወቀችው። ጣሰው አመሻሽ አመሻሽ የሚያንጎራጉረው ነው፤ እሷ የጠላ ቤት ዘፈን ይመስላት ነበር፣ እንዲያም ብላ ሰድባዋለች። ከዛፉ ሥር ካለው ድንጋይ ተቀመጠች። አላስቻላትም፣ ተነሣች። ፍርድ ቤቱን አልፋ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቀጠሮ የሚጠብቁትን ባለጉዳዮች አልፋ ወጣች። ከተማው የሚያልቅበት፣ ነፋሱ ከገደሉ ሽቅብ የሚመጣበት አለት ላይ ደረሰች።

አባ ጠጠርን የማያውቅ የለም። ከባለጉዳዮች ጋር ገበጣ ሲጫወት የሚውል ሽማግሌ ነው። የገበጣው ጉድጓዶች አለቱ ላይ ተፈልፍለዋል። ዛሬ ግን አይጫወትም። ጉድጓዶቹ በሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድነው፣ እጁን ክዳኑ ላይ ጭኖ ተቀምጧል። ሲያያት ቆመ።

«ለቅሶ ያልደረስክ አንተ ብቻ ነህ» አለችው፣ እንደምን ዋልክም ሳትል። «ይሄን ያህል ዘመን አብረህ ተጫውተህ አፈር እንኳ አላለበስከውም።»

«ደምሌ እንደሚመጣ አውቄ ነው፣ እመይቴ።»

«ደምሌን ደግሞ ከየት ታውቀዋለህ?»

«ባዩ እኮ እኔ ነኝ።»

ሐረገ ወይን አለቱ ላይ ቁጭ አለች፤ ከአራት ቀን ወዲህ ተቀምጣ ወዲያው ሳትነሣ ስትቀር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ባዩ ዓይኑን ገደሉ ላይ ጥሎ ነገራት። ጠላት በወጣ በዓመቱ ሁለቱም ለክርክር መጡ። ዳኛው ቀጠሮ አሉ። ወር አለፈ፣ ክረምት ገባ። ሁለቱ ባላጋራዎች አንዱ ከአለቱ ወዲህ፣ አንዱ ከአለቱ ወዲያ፣ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይተያያሉ።

«ሰው ስንት ቀን ይኮሳተራል? ፊትም ይደክመዋል። አንድ ቀን ጣሰው ከኪሱ ጠጠር አወጣ። ‹ዳኛው እስኪፈርዱ እኛ እንፈራረድ› አለኝ። ያን ዕለት እኔ ረታሁ። ‹በል እንግዲህ፣ ርስቱ እስከ ነገ ያንተ ነው› አለ። በማግሥቱ እሱ ረታኝ። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ሁለታችንም ሳንቀርብ ቀረን። መዝገቡ ተዘጋ።»

«ታዲያ አገራችሁ አትገቡም ነበር?»

«ገብተን ምን እንበል? መዝገቡ ተዘጋ ያልን ለት ወንድሞቻችን ይተላለቃሉ። እዚህ እስካለን ቀጠሮ ላይ ነን ይላሉ፣ ይጠብቃሉ። ሀያ ዓመት ሙሉ ከነሱም ከኛም ሰው አልሞተም፣ እመይቴ። ስሜን ለከተማው ያልነገርኩትም ለዚሁ ነው።»

ነፋሱ ከሏን አውለበለበው። «ጠመንጃውስ?»

«የሱ እኔ ቤት ነው፣ የኔም እሱ ቤት። ለመተማመኛ ተለዋወጥን።»

«እኔ ቤት ጠመንጃ የለም።»

«በቆዳ የተጠቀለለ።»

ሐረገ ወይን አፏን በእጇ ያዘች። ሲጋቡ ይዞት መጥቶ፣ ‹የሰው አደራ ነው፣ አይፈታም› ብሎ ቆጡ ላይ ያጋደመው ነው። እሷ ደግሞ አደራ የምትፈታ ሴት አይደለችም። «የሽንኩርት ጉንጉን ስሰቅልበት ኖሬያለሁ» አለች።

ባዩ ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ ሞላ።

«ይሄስ ለምን ተከደነ?» አለች ድንጋዩን እያየች።

«ሳንጨርሰው አመመው። ‹ነገ› ብሎኝ ሄደ። ተራው የሱ ነው።»

ሐረገ ወይን ከሏን አራግፋ ተነሣች። «እሑድ ለቅሶ ትመጣለህ።»

«የስማዳ ሰው ባለበት?»

«የሱን ጠመንጃ ይዘህ ትመጣለህ። ሌላው የኔ ነው።»

እሑድ ሜዳው ጥቁር በጥቁር ሆነ። የስማዳ ወንዶች ጠመንጃቸውን አንግተው ቆሙ። ደምሌ የጓዴን ምንሽር ዘቅዝቆ ከፊት ወጣ። ጌጤ ገና «አንበሳ ገ...» ስትል አንድ ሽማግሌ በሜዳው ማዶ ብቻውን ሲመጣ ታየ። የያዘው አሮጌ ውጅግራ አፈሙዙ መሬት መሬት ያያል።

ደምሌ የአባቱን ጠመንጃ ሰደፉ ላይ በተጠመጠመው መዳብ አወቀው፤ ቀጥሎ ሰውየውን አወቀው። ከኋላ አንድ ጠመንጃ ሲቀባበል ተሰማ።

ሐረገ ወይን ከሴቶቹ መሀል ወጣች። በሁለት እጇ የያዘችው ሌላ ጠመንጃ ነው፤ ቆዳው ተፈትቷል፣ አንድ የሽንኩርት ልጣጭ ማንገቻው ላይ ቀርቷል። ከደምሌ እጅ ምንሽሩን ወስዳ «እንካ፣ ደክሞታል» ብላ ለጓዴ ሰጠችው። ያኛውን ጠመንጃ ደምሌ እጅ ላይ ጫነችው።

«ይሄ የባዩ ነው። ሀያ ዓመት እኔ ቆጥ ላይ አድሯል። ያ የአባትህ ነው፤ ሀያ ዓመት እሱ ቆጥ ላይ አድሯል። ወንድምህ ርስቱን አልረሳም። በየቀኑ ከባዩ ጋር በገበጣ ጠጠር ሲፈርድበት ነው የኖረው፤ አንተንም፣ እነዚህንም ሁሉ ከሞት እየጠበቀ። ይግባኝ የሚል ካለ ለኔ ይበለኝ።»

ይህን ብላ ባዩን እጁን ይዛ ወስዳ ከራሷ ሰሌን ላይ አስቀመጠችው፤ የቅርብ ሐዘንተኛ ከሚቀመጥበት። ጌጤ አንዴ ውጅግራውን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየች። አንበሳውን ተወችው፤ ድምፅዋን ከሆዷ አወጣችው፤

«ሰው ሁሉ ለመሬት ደሙን ሲያፈሰው፣
በጠጠር ተሟግቶ ያደረ ጣሰው።»

ሜዳው ጮኸ። ደምሌ ባዩን አላናገረውም። ግን መጥቶ የአባቱን ጠመንጃ በመዳቡ በኩል ያዘ፤ ባዩም አልለቀቀም። ሁለቱ አንድ ጠመንጃ ይዘው አለቀሱ። የስማዳ ሰዎች በማግሥቱ ሲሄዱ ደምሌ ለሐረገ ወይን «አገሬው ቢጠይቀኝ ነገሩ አሁንም ቀጠሮ ላይ ነው እላለሁ» አላት።

ከሸኘቻቸው በኋላ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ሐረገ ወይን እግሯን ታጠበች። የጣሰውን ዱላ አነሣች። ከሙሉነሽ ደጅ ቆም አለች፤ ከጥዱ ሥር ቆም አለች፤ አለቱ ላይ ደረሰች።

ባዩ ክዳኑን አነሣ። ጠጠሮቹ ጥቁር ናቸው፤ ጣሰው ከበሽሎ ወንዝ ዳር የለቀማቸው። እንዳስቀመጣቸው አሉ።

«እንዴት ነው?» አለች።

«ከአንዱ ጉድጓድ ያፍሱና ለየጉድጓዱ አንዳንድ እያደረጉ ይዙሩ፣ እመይቴ። ይኸኛው ጎን የሱ ነው።»

ብዙ የያዘውን ጉድጓድ መረጠችና አፈሰች። አንዱን ጣለች። ቀጥላ ሌላውን። ጠጠሩ አለቱን ሲነካ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። የመጨረሻው ሲቀር እጇ አልፈታ አለ። ጠጠሩን ጨብጣ ቀረች።

ባዩ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ተቀመጠ። አላስቸኮላትም፤ ቀጠሮ የለመደ ሰው ነው።