ወሬውን አስቀድሚ

ፀሐይወርቅ ካልጋሪ ከተማ ኤርፖርት ውስጥ ሻንጣ በመደርደር ወገቧን ስትጨርስ ከርማ፣ አንድ ቀን «ለምን አውሮፕላኑን ራሱን አላዝዘውም?» አለችና የአየር መንገድ ኦፕሬሽን ማኔጅመንት ለመማር ተመዘገበች። ባሏ ገረመው መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ኋላ ግን እሷ ስታጠና ልጆቹን አጥቦ የሚያስተኛው እሱ ሆነና ሳቁ ቀነሰ።

በትምህርቱ ጎበዝ ነበረች። የአየር ጠባይ ካርታ ማንበቡን፣ የአብራሪዎችን የሥራ ሰዓት ማስላቱን፣ የተበላሸ አውሮፕላን በሌላ መተካቱን ሁሉ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። የወደቀችው ማንም ባልጠበቀው ነገር ነው፤ ክፉ ወሬ መናገር አልሆነላትም።

የመጨረሻው ፈተና እንዲህ ነው። ተማሪው ስክሪን በሞላበት ክፍል ይቀመጥና እንደ አየር መንገድ መቆጣጠሪያ ማዕከል ኃላፊ ሆኖ በረራዎቹን ይመራል። አስተማሪዋ ከጎን ካለው ክፍል ሆና መከራውን ታበላዋለች፤ በረዶ ትጥላለች፣ ሞተር ታበላሻለች፣ አብራሪ ታሳምማለች። በየከተማው ኤርፖርት ያለውን የአየር መንገዱን ጣቢያ ሁሉ ስልክ የምታነሳውም እሷው ናት። ፀሐይወርቅ መጀመሪያ የተፈተነች ጊዜ፣ ወደ ሰሜኗ የሎውናይፍ ከተማ የሚሄደው አውሮፕላን እንደማይነሳ ቀድማ አውቃ ወደ ጣቢያው ደወለች። ግን እኛ ዘንድ መጥፎ ወሬ በቁም አይነገርም። መጀመሪያ ደኅንነት ይጠየቃል፣ ሰውየው እህል መቅመሱ ይጣራል፣ ከዚያ ዙሪያ ጥምጥም ይኬዳል። እሷም ጤና ጠየቀች፣ ስለ ብርዱ አወራች፣ «ትንሽ ነገር አለች፣ ጠብቁ» ብላ ዘጋች። ወሬውን ከነመፍትሔው ላቅርብ ብላ ሌላ አውሮፕላን ፍለጋ ገባች። እሷ ስትፈልግ መንገደኛው ተሳፈረ፣ ሻንጣው ተጫነ፣ ሆቴሎቹ ሞሉ። ወደቀች።

«ደግ ሰው ነሽ» አለቻት አስተማሪዋ። «ደግነትሽ ግን መንገደኛውን ሁሉ ወለል ላይ አሳደረው። ወሬውን አስቀድሚ፤ መፍትሔው ይደርሳል።»

ድጋሚ መፈተን የሚቻለው አንዴ ብቻ ነበር። ካለፈች መቆጣጠሪያ ማዕከል ውስጥ ረዳት ሆና ትቀጠራለች፤ ከወደቀች ወደ ሻንጣዋ። ስለዚህ በገረመው ላይ መለማመድ ጀመረች። «ወጡ አሯል!» ትለዋለች በሩን ሳይዘጋ። «መኪናውን ግንብ አስነክቼዋለሁ፣ እኔ ደህና ነኝ!» ምስኪኑ ገረመው ደረቱን ይዞ፣ «ኧረ ቀስ በይ፣ የሰው ልብ እኮ ነው!» ይላታል።

በፈተናው ጠዋት ከሚኖሩበት ከታራዴል ሰፈር እየነዳ አደረሳት። ልትወርድ ስትል፣ «ስልክሽን እኔ ጋ ተይው፣ ሐሳብሽን እንዳይከፍልብሽ» አላት። አሳቢነቱ ደስ ብሏት ሰጠችው።

ፈተናው እንደተጀመረ ነገር መጣ። ሙሉ መንገደኛ የሚጠብቀው የቫንኩቨር አውሮፕላን የጎማው ፍሬን አልሠራ እያለ መሆኑን ጥገና ክፍሉ ነገራት። ወደ ጣቢያው ለመደወል ስልኩን አነሳች። «እንደምን አደራችሁ» ምላሷ ጫፍ ደርሳ ነበር፤ ዋጠቻት።

«በረራው ተሰርዟል» አለች በእንግሊዝኛ። «ፍሬኑ ችግር አለበት። ማንንም እንዳታሳፍሩ። ሌላ አውሮፕላን እየፈለግኩ ነው፣ መልሼ እደውላለሁ።»

በወዲያኛው ጫፍ አስተማሪዋ የተናደደ የጣቢያ ሠራተኛ ሆና ጮኸችባት። ፀሐይወርቅ ያንኑ ደገመችላት። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የለመደችው ነበር፤ አውሮፕላን አገኘች፣ አብራሪ አሟላች፣ መንገደኛውን አሸጋሸገች። አስተማሪዋ መጥታ እጇን ስትጨብጣት፣ ማለፏን ሳትነግራት ከፊቷ አነበበችው። ከጀርባዋ የጤፍ ጆንያ የወረደላት ያህል ቀለላት።

እየሮጠች ወጣች። የገረመው መኪና ቆሟል። ከጎኑ ግን ጥቁር ካፖርት ለብሰው ጋሼ አምላኩ ቆመዋል።

ጋሼ አምላኩን ካልጋሪ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ይወዳቸዋልም፤ ቤቱ እንዲመጡ ግን አይፈልግም። የእድሩ መርዶ ነጋሪ ናቸው።

«ፀሐይዬ፣ እንደምን ዋልሽ?» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ምሳ በላሽ?»

«ጋሼ አምላኩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች መኪናውን ተደግፋ። «ማን ነው? ሞቷል ወይስ አልሞተም? እሱን መጀመሪያ ይንገሩኝ፣ ምሳው ይደርሳል።»

ሰውየው ተደናገጡ። በዚህ ሁሉ ዘመን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ወደ ገረመው ዞሩ፤ ገረመው አስፋልቱን ያያል።

«ማንም አልሞተም» አሉ በመጨረሻ። «እናትሽ ኤድመንተን ወንድምሽ ጋ እንዳሉ ትናንት ትርፍ አንጀት አሟቸው ኦፕሬሽን ተደረጉ። አሁን ድነው ሾርባ እየጠጡ ነው።»

«እናትሽ ራሳቸው ናቸው ፈተናዋ እስኪያልቅ እንዳትሰማ ያሉት» አለ ገረመው ፈጠን ብሎ።

«ታዲያ ጋሼ አምላኩን ምን ያድርጉ ብለህ አመጣሃቸው?»

«ትቆጪኛለሽ ብዬ ነዋ! ከሳቸው የተሻለ ቀስ አድርጎ የሚነግር ማን አለ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ነበር እኮ!» በቦርሳዋ ትከሻውን መታችው። እንባዋና ሳቋ አብረው መጡ። ስልኳን ነጥቃ ደወለች። እናቷ ትራስ ተደግፈው በቪዲዮ ብቅ አሉና ቁስላቸውን ረስተው፣ «አለፍሽ?» አሉ።

«አልፌያለሁ እማዬ! አልፌያለሁ!»

እልልታቸው በስልኩ ውስጥ ተሰማ፤ ወዲያው ስፌታቸው አሟቸው «ወይኔ» አሉና ራሳቸው ሳቁ። ፀሐይወርቅም ከልቧ ሳቀች።

ስልኩን ዘግታ ዞር ስትል ጋሼ አምላኩ ዓይናቸውን በጓንታቸው ይጠርጋሉ።

«ምነው ጋሼ? ደህና ነን እኮ።»

«ምንም አይደል ልጄ» አሉ። «እዚህ ከተማ ስንት ሰው ዘንድ ሄጃለሁ መሰለሽ። ሳቅ ሰምቼ ስመለስ ዛሬ ገና ነው።»