የኋላ ወንበሩ ቀበቶ

እናትየው የአሮጌ መኪናዋን የኋላ ወንበር ስታጸዳ ከልጆቿ የአንዱን ቀበቶ ሳብ ብታደርገው፣ ብሎኑ ከዛገው ወለል ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ዛሬ ጠዋት እንኳ መንታ ልጆቿን በእነዚሁ ቀበቶዎች አስራ፣ "ጠቅ" ሲል ሰምታ፣ ልቧን ጥላ ነድታ ነበር።

በያጅ የሆነው ታላቅ ወንድሟ ወለሉ ላይ ወፍራም ብረት በየደና ሁለቱንም ቀበቶዎች በአዲስ ብሎን አሰራቸው።

"በይ፣ አሁን ዝሆን ቢታሰርበት አይነቀልም" አላት።

"እንግዲያው ግባና ታሰርበት፣ ወንድም ጋሼ።"

"ዝሆን አልሽኝ?"

"ራስህ ነህ ያልከው።"

እየሳቀ ቦርጩን አጣጥፎ በአንደኛው ልጅ ቦታ ተቀመጠና ቀበቶውን አሰረ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሰው በሌለበት ሜዳ መኪናውን አስሮጠችና ባለ በሌለ ኃይሏ ፍሬኑን ረገጠችው። ከኋላዋ የታፈነ ጩኸት ሰማች። ዞር ብላ ማየት ፈራች።

"ወንድም ጋሼ?"

እግሯን ከፍሬኑ ሳታነሳ ደግማ ጠራችው።

"ወንድም ጋሼ! ያዘህ?"

"ያዘኝ" አላት፣ ደረቱን እያሻሸ። "አንቺ ግን ጤና የለሽም!"

እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ማርሽ አስገባች።

"አንደኛው ቀበቶ ይቀራል" አለችው። "ወደዚያኛው ጠጋ በል።"