ትልልቆቹ ቀድመው ሞቱ

አያ ክንዱን የሽንብራ ማሳቸውን አስቆፍሬ የዓሣ ኩሬ ያስያዝኋቸው እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ስለ ዓሣ አስተምራለሁ፤ ሰው ምክሬን ሲሰማኝ ደስ ይለኛል፣ ይህን አልክድም። ወለቃን አለፍ ብሎ ካለችው ከዚያች ማሳ ሌላ መሬት እንደሌላቸውም አውቅ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ዓሦቹ ማነስ ጀመሩ። ጣት የምታህል ዓሣ እንቁላል ይዛ ትገኛለች።

«ዘሩ ደቀቀብኝ» አሉኝ አያ ክንዱ፣ ተናደው።

እኔም አላመነታሁም። «ለዘር ትልልቁን ያስቀሩ፤ ደቃቃውን ያውጡት።»

«ሸጋ ነገር ተናገርሽ!»

ዕድሜ ልካቸውን ወይፈን ሲመርጡ የኖሩ ሰው ናቸውና ነገሩ ወዲያው ገባቸው። በየሳምንቱ ትንንሾቹን በመረብ እያወጡ ለዶሮ ሰጡ።

በቀጣዩ ሚያዝያ ሙቀቱ ጠና፤ ነፋስም ጠፋ። አንድ ሐሙስ ማለዳ ስልክ ደወሉ። «እታገኘሁ፣ ቶሎ ነይ፤ ዓሣው አለቀ!»

ባጃጅ ይዤ ስደርስ ትልልቆቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። መለኪያዬን ኩሬው ውስጥ ነከርሁት፤ ኦክስጅን የለም ማለት ይቀላል። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ዓሣው ደግሞ በሙቀት የበለጠ ይፈልጋል። ይህን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እናገራለሁ።

ጠርዙ ላይ ከመረብ ያመለጡ ጥቂት ደቃቆች አፋቸውን ወደ ውሃው ገጽ አስጠግተው ይተነፍሱ ነበር። ከአየሩ ጋር የሚገናኘው ስስ ውሃ ለእነሱ በቅቷቸዋል፤ ለትልልቆቹ አልበቃም። በጣት ቁመት መውለዳቸውም ሞት ሳይቀድማቸው ዘር ለመተካት ኖሯል። እኛ መድቀቅ ያልነው መላቸው ነበር።

አፈርሁ።

«ያሳሳትሁዎት እኔ ነኝ አያ ክንዱ። መኖር የሚችሉትን ነው ያስወጣሁዎት።»

የሞቱትን በቅርጫት ይለቅማሉ። ቅርጫቱን አስቀምጠው፣ «አሁንስ የትኛውን ላስቀር?» አሉኝ።

«ትንንሾቹን ያስቀሩ» ልላቸው አፌን ከፈትሁ። የሚመጣው በጋ ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ እነዚህስ እስከ የት እንደሚችሉት ማን ነግሮኝ?

«አላውቅም» አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አምና ይኸንን ብትይኝ ምን ነበር ልጄ?»