ሪምላን የሚመልሰው መንገድ

ሪምላ የሰፌድ መስፊያ አለላዋን ታቅፋ ለአራተኛ ጊዜ የገዛ ቤቷ በር ላይ ተገኘች።

«ደርሰሽ መጣሽ?» አለ ጎረቤታችን ኢድሪስ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል። «ዛሬስ ቆየሽ፤ አንድ እጅጌ ጨረስኩ።»

«ዝም ብለህ ስፋ!»

ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ ለልጃገረዶች ሰፌድና ሙዳይ መስፋት እንድታስተምር ተቀጥራለች። ሁለት ቀን ቀርታለች፤ ዛሬ እስከ ቀትር ካልደረሰች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ግን ያለ እናቷ ከወጣች የሐረር መንገድ አያሳልፋትም። ወደ ቀኝ ብትታጠፍ፣ ወደ ግራ ብትታጠፍ፣ ዓይኗን ጨፍና ግንቡን እየዳበሰች ብትሄድ፣ መጨረሻዋ ያው በር ነው። በሰባት ዓመቷ ኩፍኝ ሊወስዳት ሲል እናቷ ሐጅያ ዘይቱና በሰፈራችን ለተቀበሩት ወሊ ተስለው ነበር፦ «ብትተርፍልኝ ከእኔ አትለይም።» ተረፈች። ይኸው ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ።

«ምን ጎደለሽ?» አሉ ሐጅያ፣ ለቅሶ ለመድረስ ሻሻቸውን እያሰሩ።

«መንገድ!»

«ስለት ነው፣ ልጄ። እኔ ምን ላድርግ?»

«የተሳልሽው አንቺ! የምትፈቺውም አንቺ!»

«ዕቃውን እጠቢ» ብለዋት ወጡ።

አላጠበችም። ትንሽ ቆይታ በንዴት እንደገና ወጣች። መንገዱ አጠፋት፣ አዞራት፣ ከዚያ የማታውቀው ደጃፍ ላይ ጣላት። ገፍታ ገባች። አርባ የሚሆኑ ሴቶች መደቡ ላይ ተደርድረዋል፤ ለቅሶ ቤት ነው። በመካከላቸው እናቷ ተቀምጠዋል። ሪምላ ቀይና አረንጓዴ አለላዋን እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች።

የአፎቻው፣ የሰፈሩ ሴቶች ዕድር፣ አለቃ ሐጅያ ረቂያ አፈጠጡባት። «ለቅሶ ቤት ይህን ይዘሽ? ማን ጠራሽ?»

«ማንም። መንገዱ የሚያመጣኝ እናቴ ካለችበት ነው፤ ወደ ቤት አይደለም ለካ!» ወደ እናቷ ዞረች። «አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ፈላና በር ሄደሽ ብትቀመጪልኝ እደርስ ነበር!»

ሴቶቹ ወደ ሐጅያ ዘይቱና ዞሩ።

«ዘይቱና፣ ከስለትሽ ፍቺያት» አሉ ረቂያ።

«ብታመምስ? ማን አለኝ?»

«እኛስ? ስትታመሚ የሚጠይቅሽ፣ ስትሞቺ የሚያጥብሽ አፎቻው አይደለም? ወይስ እኛን ለወጥ ብቻ ነው የምትፈልጊን?»

ከወዲያ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ሐጅያ ዘይቱና ፊታቸውን እንዳኮሳተሩ ወደ ጣሪያው አንጋጠው፣ «ስለቱ ይልቀቃት እንግዲህ» አሉ፤ ልጃቸውን ግን አላዩም።

ሪምላ ወጣች። መንገዱ አሁን አላዞራትም። ለካ አንዱንም መታጠፊያ አታውቀውም! አንድ ሥጋ ሻጭ ጠየቀች፣ ተሳሳተች፤ አንዲት አሮጊት ጠየቀች፣ እንደገና ተሳሳተች። የቀትር አዛን ሲሰማ መውጫ የሌለው ግንብ ሥር ቆማ ነበር። በጫማዋ መታችው። ከዚያ አየችው፦ ኖራው ሰማያዊ ነው፣ በር የለውም፣ የማንም እናት ቤት አይደለም።

ፈላና በር ስትደርስ ልጃገረዶቹ ሊበተኑ ተነሥተዋል።

«አረፈድሽ» አለቻት ኃላፊዋ።

«ጠፍቼ ነው» አለች ሪምላ፤ አለላውንም ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። «ተቀመጡ።»