የጋሽ ችንካር እጅ

ጋሽ ችንካር ይሉታል፤ ካሜራ ከያዘ ንቅንቅ አይልማ! ክርኖቹን ከጎኑ አጣብቆ ትንፋሹን ቀስ እያለ ይለቅና፣ ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ጣቱን ጫን ያደርጋል። እሱ ስቱዲዮ የገባ ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ጉዱ ያለው ከገዛ ልጁ ጋር ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ልጅቱን በካሜራው ባየ ቁጥር የሚስቱ ፈገግታ ብቅ ይልበትና ሆዱ ይባባል፤ እጁም ይንቀጠቀጣል። የልጅቱ ፎቶዎች ሁሉ ውሃ ውስጥ የተነሱ ይመስላሉ። የምረቃዋ እንኳ ጉም ነው።

ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ለሥራ ሩቅ አገር ልትሄድ ነው፤ መቼ እንደምትመለስ አይታወቅም። አባት አንዲት ጥርት ያለች ፎቶ ሊያስቀር ቆርጦ ተነስቷል።

በቢጫው መጋረጃ የሚገባው ብርሃን ወንበሩንም አየሩንም ማር አስመስሎታል፤ ጊዜ ራሱ ሸለብ ያደረገው ይመስላል። ፍላሽ አያበራም፤ ፍላሽ ሰውን የተላጠ እንቁላል ያስመስላል ባይ ነው። ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ካሜራው ዓይኑን ገልጦ ቆየት ይላል፤ ትንሽ ከተነቃነቁ ሁሉም ነገር ይደበዝዛል።

ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አሰረው። የሚንቀጠቀጠው ጣቱ ግን ካሜራውን ከነማቆሚያው ነቀነቀው።

«በራሱ እንዲያነሳ ለምን አትሞላውም፣ አባዬ?»

«እሱ ሲቆጥር ይውላል እንጂ አንቺን መች ያያል?»

ግድግዳ ተደገፈ። የሩዝ ከረጢት ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ካሜራውን አስተኛበት። ጭራሽ ትንፋሽ መልቀቁንም ረስቶ፣ አፍኖ አፍኖ ዓይኑ ሊፈጥ ደረሰ።

«ፎቶ ልታነሳኝ ነው ወይስ ውሃ ልትጠልቅ?» አለች። ሳቁ። ፎቶው አሁንም ጉም ነበር።

«በቃ ይቅር። እጄ አንቺን አይወድም» አለና ካሜራውን አስቀመጠ። እውነትም ከፍቶት ነበር።

ልጅቱ ተነሳች። ደንበኞች ፀጉራቸውን የሚያበጥሩበት መስታወት ፊት ቆማ እሱን ከኋላዋ አቆመችው። ካሜራውን ወደ መስታወቱ አዙራ ትከሻዋ ላይ አሳርፋ በእጇም ደገፍ አደረገችው።

«ተደገፈኝ።»

«ይከብድሻል።»

«አይከብደኝም።»

በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ። ቁልፉን ሲጫን እንባው ቀደመው፤ ሲቃ መላ ሰውነቱን አርገፈገፈው። ትከሻዋ ግን ፍንክች አላለም።

ፎቶውን አዩት። እሷ ቁልጭ ብላለች፤ ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይታያል። ከኋላዋ የቆመው ሰውዬ ግን ፊቱ የት ጋ ጀምሮ የት ጋ እንደሚያበቃ አይለይም።

«አንቺን አገኘሁሽ!» አለ ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ። «እኔን ቆርጬ ላውጣና ላትመው።»

«እንዳትነካው!» አለች። «እንዳለ ለእኔም አትምልኝ። እማዬን ስንቀብር እንኳ ስታለቅስ አላየሁህም።»

አባት ሁለት አድርጎ አተመው።