የእማማ አሌያማ የተክሊል ልብስ

ታንካማ የእናቷን ሣጥን አንዴ ፈትሻ አልበቃትም፤ ወደ መስኮቱ ጎትታ ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ነጫጭ ቀሚሶች ወጡ፤ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ ወጣ፤ ቅርንፉድ የተቋጠረበት ጨርቅ ወጣ። ቀዩ ሐር ግን አልወጣም።

"ሊሲ፣ የተክሊል ልብሷ የት ገባ?"

ሊሲ በሩን ተደግፋ ቆማለች። "እኔ እንጃ፣ እትዬ" አለች። መዋሸት ስላልለመደባት ድምፅዋ ከአፏ ሳይወጣ ሞተ።

"አንቺ ካላወቅሽ ማን ሊያውቅ ነው? ቁልፉ አንቺ ወገብ ላይ አይደል የሚውለው?"

እውነቷን ነው። እማማ አሌያማ አልጋ ላይ ከዋሉ ጀምሮ የቤቱ ቁልፍ ሁሉ በምራታቸው በሊሲ እጅ ነበር። ያጠበቻቸውም፣ ያጎረሰቻቸውም፣ ሌሊት ሲያቃስቱ ያገላበጠቻቸውም እሷው ናት። ታንካማ ኮታያም ከተማ ተድራ ለበዓል ካልሆነ ብቅ አትልም። ወንድሟ ኩርያን፣ የሊሲ ባል፣ ኩዌት መኪና ሲነዳ ይኖራል፤ ከአውሮፕላን የወረደው ዛሬ ጠዋት ነው። እሱን ሲጠብቁ ነው አሮጊቷ በረንዳው ላይ፣ በኪራይ በመጣ የመስታወት ማቀዝቀዣ ውስጥ የሰነበቱት። አሁን ልጅየው ደርሷል፤ ከሰዓት በኋላ ቄሱ ይመጣሉ፤ ሬሣው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል። የቀረ ነገር ልብሱ ብቻ ነው።

ልብሱ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ሴት በተክሊሏ ቀን ሙሽራው ራሷ ላይ የሚጥልላትን ልብስ አንዴ ትለብሰውና ታስቀምጠዋለች፤ ዳግመኛ ከሣጥን የሚወጣው ስትገነዝ ነው። ያለ እሱ የተቀበረች ሴት ቤተሰቡ የጣላት ናት ይባላል። መንደሩ ይህን ሲያወራ ትውልድ ያልፋል።

"የወርቅ ጥልፉ እውነተኛ ነበር" አለች ታንካማ፣ ድምፅዋን ለግቢው እንዲዳረስ አድርጋ። "ያንን አሮጌ ሐር እያቃጠሉ ጥልፉን የሚያቀልጡ ነጋዴዎች በየመንደሩ ይዞራሉ አሉ። የልጅሽን የነርስነት ትምህርት ክፍያ ከየት አመጣሽው?"

"ከወንድምዎ ደመወዝ ነዋ።"

"ይሁን እስቲ። እግዜር ያያል።"

ምላስ አጥንት የለውም፤ አጥንት ግን ይሰብራል። ውጭ በድንኳኑ ሥር፣ በኪራይ ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ሴቶች ዝም ሲሉ ለሊሲ ተሰማት። ሰው ወሬ ሲያደምጥ የሚመጣው ዓይነት ዝምታ ነው።

ኩርያን ገባ። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦትና በልቅሶ ቀልቷል። እህቱን በዓይኑ አስወጥቷት ሚስቱን አልጋው ጫፍ ላይ አጠገቡ አስቀመጣት።

"ሊሲ" አለ ቀስ ብሎ። "ሸጠሽውም ከሆነ ንገሪኝ። አልቆጣም። እዚህ ብቻሽን እንደምትቸገሪ አውቃለሁ።"

ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ቢጮህባት መልሳ ትጮህ ነበር። ይህ ልበ ደግነቱ ግን ባሰባት፤ ይቅር ያላት እኮ ላልሠራችው ነው።

"አልሸጥኩም።"

"ታዲያ የት አለ?"

ትንሽ ጠበቃት፤ ከዚያ ጉልበቷን መታ መታ አድርጎ ተነሣና ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከዓመታት በፊት የእማማን የጎማ ዛፎች እየፈቀፈ ወተቱን የሚቀዳ ጆሞን የሚባል ጎረምሳ ነበር። ሊያገባ ሳምንት ሲቀረው እናቱ ታመመችና ለሙሽራዋ ልብስ ያጠራቀመው ሁሉ ለሆስፒታል ሄደ። የሙሽሪት አባት ሱቅ ያለው፣ ኩራቱ ከሱቁ የሚበልጥ ሰውዬ ነው፤ ልብስ ሳይዝ የመጣን ሙሽራ ከደጅ እንደሚመልስ ይታወቃል። ጆሞን ለማንም አልተናገረም። ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ እማማ በእንጨታቸው እየተደገፉ መጥተው አገኙት። የዚያን ቀን ማታ ሊሲን ጠርተው ሣጥኑን አስከፈቷት። ቀዩን ሐር አውጥተው "ተኩሺው" አሏት።

"እማማ፣ ምነው? ኋላ ሲገነዙስ?"

"ያን ጊዜ እኔ አላየው። ያየ ይጨነቅ።"

ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሱን ጭናቸው ላይ አድርገው የሊሲን እጅ አስጫኗት። "ቀኝሽ የምትሰጠውን ግራሽ አትወቅ ይላል። እኔ ቀኝ ነኝ፤ አንቺ ግራ ነሽ። እንዳላወቅሽ ሁኚ።"

"ለኩርያንስ?"

"ለኩርያን ከነገርሽ ለታንካማ ነገርሽ። ለታንካማ ከነገርሽ ላገር ነገርሽ።"

"ለቄሱስ?"

"ለቄስ የሚነገረው ኃጢአት ነው። ይሄ ምን ኃጢአት አለው?"

ሊሲ ማለች። ያኔ ቀላል መስሏት ነበር። አሁን ግን በመስታወቱ ውስጥ ጋደም ብለው፣ አገጫቸው በነጭ ሻሽ ታስሮ ስታያቸው ንዴት ያዛት። እሳቸው ጸደቁ፤ እሷ ታሰረች። በሕይወት ሳሉ በጸሎት ሰዓት ከጉልበቷ እንዳትነሣ አድርገው የያዟት ሴት፣ ሞተውም አፏን ይዘዋታል። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላ ትኖር ነበር፤ ግን ሆድም ልክ አለው።

"እማዬ" አለች ልጇ አኑ፣ ወረቀት ይዛ እየገባች። "ቄሱ በቤተ ክርስቲያን ስለ አያቴ ጥቂት ተናገሪ ብለውኛል። ሁሉም የሚያውቀውን ነው የያዝኩት። ሳይነጋ ተነሥታ ትጸልያለች፤ ለማኝ ከደጇ ባዶ እጁን አይሄድም፤ መብራት ሲጠፋ አንበርክካን መብራቱ ካልመጣ አታስነሣንም። ሰው ይስቃል እንጂ አያለቅስም። አንቺ ብቻ የምታውቂውን አንድ ነገር ንገሪኝ።"

ሊሲ አፏን ከፈተች። ቃሉ እዚያው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አያትሽ መገነዣዋን ሰጥታ ሰው ዳረች፤ በቃ ይኼው ነው። ይህን አኑ ብትሰማ፣ ያ ቤተ ክርስቲያን ቢሰማ። ከአፍ ከወጣ ግን አፋፍ ነው።

"የዓሣው ወጥ ጨው ሲበዛበት ሳይናገሩ ይበሉ ነበር" አለች።

"ይሄ ነው?"

"እሱም ቀላል አይደለም። የኔን ወጥ ታውቂው የለ።"

አኑ ሳቅ ብላ ጻፈችው። ሊሲ ፊቷን ዞር አድርጋ አለቀሰች።

በጓሮ በኩል ወደ ማጀት ስትሄድ ጆሞን ከጣሪያው ሥር ቆሞ ጠበቃት። ዛሬ ድንኳኑን የተከለውም፣ ወንበሩን ያመላለሰውም እሱ ነው፤ አሁን የራሱ ጂፕ አለው፤ ሆዱም ትንሽ ወጣ ብሏል። ፊቱ ግን ያኔ ዛፉ ሥር እንደነበረው ሆኗል።

"እትዬ ሊሲ፣ እትዬ ታንካማ የሚሉትን ሰማሁ። ሄጄ ላምጣው።"

"ምኑን?"

"ተይ እንጂ እትዬ። ሌባ ሲሉሽ ቆሜ ልስማ?"

"ሺኒስ ታውቃለች?"

አንገቱን ደፋ። ሚስቱ ሺኒ በድንኳኑ ውስጥ ሻይ እያዞረች ነው፤ ትንሿ ልጃቸው ቀሚሷን ይዛ ትከተላታለች።

"አባቷ እስካሁን በየፋሲካው 'ለልጄ የመጣላት ዓይነት ሐር ባገሩ የለም' ይላል" አለ ጆሞን። "እሷም በዓመት አንዴ አውጥታ ታናፍሰዋለች፤ ለልጅቷ ታሳያታለች። እነግራታለሁ። ምን ታደርገኛለች?"

"ምን ብለህ? የሞተች ሴት መገነዣ ነው ራስሽ ላይ የጣልኩልሽ ብለህ? እዚያ ሁሉ ሴት ፊት?"

"አንቺስ ታዲያ?"

ሊሲ ሰማዩን አየች። በጎማ ዛፎቹ ላይ ደመና እየወረደ ነው። እሺ ብትለው ስሟ አሁኑኑ ይጸዳል፤ ታንካማ ዓይኗን ትሰብራለች፤ ኩርያን ቀና ይላል። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "አምጣው" ማለት። እንዳትለው የሚከለክላት እማማ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ትለው ነበር፤ ሙት አይቆጣም። ሺኒን ግን ታያታለች። የሻዩን ሰሃን ይዛ ጎንበስ እያለች፣ ለታንካማ ስኳር ጨመር አድርጋላት ታልፋለች።

"እማማ አበድረውህ ነው ወይስ ሰጥተውህ?"

"ሰጥተውኝ ነው።"

"እንግዲያው ምን ትመልሳለህ? ሂድ፤ ሰው ይፈልግሃል።"

ቄሱ መጡ። ሬሣው ከመስታወቱ ወጥቶ በነጩ ሣጥን ተቀመጠ፤ ጸሎቱም ተጀመረ። ታንካማ ከከተማ የተገዛ አዲስ ነጭ ጨርቅ እናቷ ላይ ዘረጋችና እንደ አዲስ አነባች። "ያለ ተክሊል ልብሷ፣ እንደ ባዕድ፣ እንደ ወላድ መካን" እያለች። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ ሊሲን ገልመጥ አደረገቻት፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ሊሲ ወደ ክፍሏ ገባች። ከቁም ሣጥኗ ታች፣ በጋዜጣ የተጠቀለለውን አወጣች። የሰንደል እንጨት ቀለም ያለው፣ ዳሩ በቀጭኑ በወርቅ የተጠለፈ የራሷ የተክሊል ልብስ ነው። የመረጡት እማማ ናቸው። ሱቁን ሁሉ አስገልብጠው፣ በጣታቸው እያሹ "ይሄ ያረጃል እንጂ አይቀደድም" ያሉት ትዝ አላት። ያኔ የማታውቃቸው አማት ነበሩ፤ ፈርታቸው ነበር። ኋላም ሁልጊዜ አልወደደቻቸውም፤ ዛሬ ግን ጨርቁን እንደሳቸው በጣቷ አሸችው።

ይዛው ወጣች። ሰዉ ዞር ዞር አለላት። ነጩን ጨርቅ ገለል አድርጋ የራሷን ዘረጋችው፤ በአንገታቸው ሥር አስተካከለች፤ በእግራቸው በኩል ሸጎጠችው።

"አላልኳችሁም?" አለች ታንካማ ለጎረቤቷ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ኅሊና ወቀሳት።"

ኩርያን መሬት መሬቱን አየ። አኑ ግን ጠጋ ብላ የእናቷን እጅ ያዘች።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ ያንቺ ነው። አንቺስ ኋላ?"

"ያን ጊዜ እኔ አላየው" አለች ሊሲ። "ያየ ይጨነቅ።"

ሺኒ ልጇን አቅፋ ሬሣውን ልትሳለም ቀረበች። ልጅቷ ትንሽ እጇን ዘርግታ ጥልፉን ነካችው። "የኛን ይመስላል" አለች። እናቷም "ዝም በይ፣ ይሄ የእማማ ነው" ብላ እጇን መለሰች።

ጆሞን ከተሸካሚዎቹ መሃል ወጣ። ፊቱ በላብ ርሷል፤ ዓይኑ ከታንካማ ወደ ሊሲ፣ ከሊሲ ወደ ልጁ ይሄዳል። አፉን ከፈተ። "እኔ አንድ ነገር..." አለ።

"ጆሞን" አለች ሊሲ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "በእግራቸው በኩል ያዝ። ዝናቡ ሳይመጣ እንውጣ።"

ጆሞን ዓይን ዓይኗን አየ። እሷም አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ያዘ።