ስልኩ ላይ ያልወደቀችው ፖም

ስታሜና ቬሏን ደፍታ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጣለች። ጥይቱ ሲጮህ ሰምታለች፤ የሙሽራው ወገን በሆታ ግቢውን ሲያናውጠውም ሰምታለች። ወንድሟ ግቮዝደን ግን በሩን በጀርባው ደግፎ ስልኩ ላይ አፍጥጧል።

"ወደቀች እኮ!" አለችው።

"የት?"

"ውጭ ነዋ!"

"እዚህ አልወደቀችም።"

በዝላቲቦር ተራራ ሰርቦች ወግ፣ ሙሽራው ከረጅም እንጨት ጫፍ የተሰቀለችውን ፖም በጥይት ሳይጥል ሙሽሪት ደጅ አትወጣም። በሩን የሚጠብቀው ወንድሟ ነው። ድሮ በዓይኑ ያይ ነበር። ዘንድሮ አክስት ዳሪንካ ከግቢው በስልኳ በቀጥታ ስለምታስተላልፍ ዓይን ጡረታ ወጥቷል።

"ገርበብ አድርገህ እያት!"

"ገርበብ ማለት መክፈት ነው። ሙሽራሽን ራዲቮዬን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ጎተራ ውስጥ ቆሞ ጎተራውን የሚስት ሰው ነው። በድንጋይ አውርደዋት ቢሆንስ?"

ስልኩ ላይ ትንሿ ክብ ትዞራለች። ነገ ጾም ይገባል፤ የዛሬው የቤተ ክርስቲያን ተራ ካለፈ ሠርጉ ለፋሲካ ማግስት ነው።

"ስማ አንተ ግንድ፤ ቪዲዮ ተቆራርጦ ነው የሚላከው። ስልክህ ጥቂት ቁራጭ አስቀድሞ ያጠራቅምና ከዚያ እየቀዳ ያሳይሃል። የአባባን የፕለም ፍሬ አረቄ አስብ። ጠብ ጠብ እያለ ማሰሮው ውስጥ ይጠራቀማል፣ አንተ ከማሰሮው ትቀዳለህ። ማሰሮው ሲደርቅስ?"

"እጠብቃለሁ።"

"ይኸው እየጠበቅክ ነው! እንግዳው ሁሉ በዚያችው ቀጭን የኢንተርኔት መስመር ቪዲዮ ይልካል፤ ላንተ ጠብታ አልተረፈም።"

ግቮዝደን አሰበ። ማሰቡም ከስልኩ አልፈጠነም። "እንግዲህ ፖሟ ማሰሮው ውስጥ ስትገባ እከፍታለሁ። የአባቶቻችን ወግ ነው።"

አባቶቹ ስለምትዞረዋ ክብ ምን እንዳዘዙ አልተናገረም።

በሩ ተደበደበ። "አማቼ፣ መትቻታለሁ! ግማሿን በልቻታለሁ እኮ!" አለ ራዲቮዬ።

"ብላ፣ ብላ፤ እዚህ ገና ሙሉ ናት።"

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ። ደወል ደግነቱ አይቆራረጥም። ስታሜና ቀሚሷን ሰብስባ የጓሮውን መስኮት ከፈተች፤ ግቮዝደን ቀና ሳይል እሷ ከፕለም ዛፎቹ ሥር ነበረች።

ቆይቶ፣ ክቧ ጠፋች። ስልኩ ላይ ጥይቱ ጮኸ፤ ፖሟ ዱብ አለች።

"ወደቀች! አቤት አነጣጠር! እኔ መቼ ተጠራጠርኩ!" ብሎ በሩን በክብር ወለል አድርጎ ከፈተ።

ደጁ ላይ ማንም የለም። ዞር አለ፤ አልጋው ባዶ ነው። መስኮቱን ማየት ሲችል ስልኩን አየ። እዚያ ራዲቮዬ ገና ይህንኑ በር እየደበደበ ነው። ግቮዝደን በከፈተው በር ላይ ቆሞ፣ በሩ ስልኩ ላይ እስኪከፈት ጠበቀ።

በሩስ አልተከፈተም። ቬሏ ላይ ቅጠል የተሰካባት ሙሽሪት ከቤቱ ጀርባ ብቅ አለች፤ ራዲቮዬ እጇን ያዘ፣ ሠርገኛው ተከተላቸው።

"ስታሜና!" ብሎ ስልኩ ላይ ጮኸ። "እንዳትወጪ! ገና አልከፈትኩም!"